የጆርናሉ የላቴክ ቴምፕሌት የት ይቀመጣል? ለአንድ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ከደብረ ብርሃን የጻፉልን መምህር ጥያቄ በአጭሩ የሚከተለው ነው። በመንዝ በግ አመጋገብ ላይ የሠሩትን ጥናት ኤልሴቪር በተባለው አሳታሚ ሥር ለሚታተም አንድ ጆርናል ለመላክ ተዘጋጅተዋል። የጆርናሉን የላቴክ ቴምፕሌት (ላቴክ ጽሑፍን በትዕዛዝ የሚያቀናብር ፕሮግራም ነው፤ ቴምፕሌቱ ጆርናሉ የሚፈልገውን ቅርጽ የያዘ ጥቅል ነው) በዚፕ አውርደው በላፕቶፓቸው ሲከፍቱት «ኤልስአርቲክል የተባለው ክላስ ፋይል አልተገኘም» የሚል መልእክት ይመጣባቸዋል። ያንኑ ፋይል በሥራ ባልደረባቸው ኮምፒውተር ሲሞክሩት ደግሞ ፒዲኤፉ ይወጣል፤ ነገር ግን ማጣቀሻ ሊኖር በሚገባው ቦታ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ያገኙታል። «ቴምፕሌቱን የት ነው መጫን ያለብኝ? ኢንተርኔቱ እንዲህ እየተቆራረጠስ እንዴት ልሥራ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ውድ ጠያቂያችን፣ ቴምፕሌቱን የትም መጫን አይጠበቅብዎትም። መጫን ያለበት ላቴክ ራሱ ነው፤ የጆርናሉ ቴምፕሌት ከጽሑፍዎ ጋር በአንድ ፎልደር ውስጥ ቢቀመጥ ይበቃል፤ እንዲያውም ከየትኛውም ቦታ ይልቅ እዚያ ቢሆን ይመረጣል። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የገጠሙዎት ሁለት ችግሮች የማይገናኙ መሆናቸው ነው፤ አንደኛው የጎደለ ፋይል፣ ሁለተኛው የተዘለለ ሥራ ነው። በዚህ ምላሽ ትዕዛዞቹንና የፋይል ስሞቹን በራሳችን ፊደል እጽፋቸዋለሁ፤ በፋይሉ ውስጥ ግን በላቲን ፊደል እንደሚገቡ ያውቃሉ።

ቴምፕሌት እየተባለ የሚወርደው ነገር ሦስት ዋና ዋና ፋይሎችን የያዘ ጥቅል ነው። አንደኛው ክላስ ፋይሉ ሲሆን ቅጥያው ሲኤልኤስ ነው፤ የገጹን ስፋት፣ የርእሶቹን መጠን፣ የደራሲ ስም የሚቀመጥበትን ቦታ የሚወስነው እርሱ ነው። ሁለተኛው ቅጥያው ቢኤስቲ የሆነው የማጣቀሻ ስልት ፋይል ነው። ሦስተኛው ቅጥያው ቴክስ የሆነ ናሙና ጽሑፍ ሲሆን፣ እርስዎ ባዶ አድርገው የራስዎን ጽሑፍ የሚያስገቡበት ይህ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ከፍተው መመልከት ቢችሉም መነካካት የለብዎትም። በኤልሴቪር ጥቅል ውስጥ ናሙናው ከአንድ በላይ ነው፤ አንዱ በቁጥር ለሚጠቅሱ ጆርናሎች፣ ሌላው በደራሲ ስምና በዓመተ ምሕረት ለሚጠቅሱ የተዘጋጀ ነው። የትኛው እንደሚያስፈልግዎት ጆርናሉ ለደራሲዎች ያወጣውን መመሪያ አንብበው ይወስናሉ፤ ቆይቶ ከመቀየር አሁን መምረጥ ይቀላል።

አሁን ወደ ጎደለው ፋይል እንመለስ። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ምክንያት እጅግ ቀላል ነው፤ ዊንዶውስ ዚፕ ፋይልን እንደ ተራ ፎልደር ከፍቶ ስለሚያሳይ፣ ተጠቃሚው ዚፑን ሳይፈታ ናሙናውን ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጎ ይከፍተዋል። በዚህ ጊዜ ዊንዶውስ ያንን አንድ ፋይል ብቻ አውጥቶ በጊዜያዊ ፎልደር ያስቀምጠዋል፤ ክላስ ፋይሉ ዚፑ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ዚፑን በቀኝ ጠቅታ ሙሉ በሙሉ ይፍቱት።

ፈትተውትም ካልተገኘ ሁለተኛውን ምክንያት ይመልከቱ። ሲታን ከሚባለው የላቴክ ማከማቻ የሚወርደው የኤልስአርቲክል ጥቅል ክላስ ፋይሉን ተዘጋጅቶ የተቀመጠ አድርጎ አይሰጥዎትም። ያለው ቅጥያው ዲቲኤክስ የሆነ ምንጭና ቅጥያው አይኤንኤስ የሆነ አውጪ ፋይል ነው። አውጪውን ፋይል እንደማንኛውም የቴክስ ፋይል በላቴክ ሲያስኬዱት ክላስ ፋይሉ እዚያው ፎልደር ውስጥ ይፈጠራል። ይህ የሚከናወነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ፎልደሩ ውስጥ ክላስ ፋይል አጥተው «የተበላሸ ዚፕ ነው» ብለው ደጋግመው የሚያወርዱ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ዚፑ ግን ምንም አልሆነም።

ሦስተኛው ምክንያት ከኢንተርኔቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ የእርስዎ ጉዳይም ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ። በላፕቶፕዎ ላይ ያለው ላቴክ ሚክቴክ የሚባለው ዓይነት ከሆነ፣ ሚክቴክ ሲጫን መሠረታዊውን ብቻ ይዞ ይገባና የቀረውን ጥቅል በተፈለገ ጊዜ ከኢንተርኔት እያወረደ ይሞላል። መስመሩ ጥሩ በሆነበት አገር ይህ ብልህ አሠራር ነው። መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር ግን ማውረዱ ይከሽፋል፤ ከዚያም የሚያዩት መልእክት ኔትወርክ የለም የሚል ሳይሆን ፋይሉ አልተገኘም የሚል ይሆናል። ተጠቃሚው ጥፋቱን በቴምፕሌቱ ላይ ሲያሳብብ የሚውለው በዚህ የተነሳ ነው።

ለደብረ ብርሃንም ሆነ ከእርሷ ወዲያ ላሉት ለመሐል ሜዳና ለዓለም ከተማ የምመክረው ሚክቴክን ትተው ቴክ ላይቭ የሚባለውን ሌላ የላቴክ ዓይነት ሙሉውን እንዲጭኑ ነው። ቴክ ላይቭ በየዓመቱ አንድ ጊዜ አዲስ እትም የሚወጣለት ሲሆን፣ በአንድ አይኤስኦ ፋይል ተጠቅልሎ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ለመጫንም ሆነ ለመሥራት ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ኤልስአርቲክልን ጨምሮ አብዛኞቹ የታወቁ አሳታሚዎች ክላስ ፋይሎች ውስጡ አሉ። አንድ ሰው ጥሩ መስመር ባለበት በሌሊት አውርዶ ለመላው የትምህርት ክፍል በፍላሽ ሊያዳርሰው ይችላል። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያደክም አንድ ነገር አለ። አይኤስኦው ከ4 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ፣ ፋት 32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ የቱንም ያህል ባዶ ቦታ ቢኖረው አይቀበለውም፤ «ፋይሉ ለመድረሻው በጣም ትልቅ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ፍላሹን አስቀድመው በኤክስፋት ወይም በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ያድርጉት፤ ፎርማት ሲደረግ በላዩ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ግን አይዘንጉ። ሙሉው ተከላ 8 ጊጋባይት ገደማ የዲስክ ቦታ ይይዛል። ቦታ ካጠረዎት በመጫኛው መስኮት ላይ ማብራሪያ ሰነዶቹንና የምንጭ ፋይሎቹን እንዳይጭን ማድረግ ይቻላል፤ መጠኑ በእጅጉ ይቀንሳል። ተከላው ረጅም ሰዓት ስለሚወስድ ባትሪው ሞልቶ፣ መብራትም ባለበት ሰዓት ቢጀምሩት መልካም ነው።

ቴምፕሌቱ ከጽሑፉ ጋር በአንድ ፎልደር ይቀመጥ ያልኩበት ምክንያት የሚከተለው ነው። ላቴክ አንድን ክላስ ፋይል ሲፈልግ መጀመሪያ የሚመለከተው ጽሑፉ ያለበትን ፎልደር ነው፤ እዚያ ካጣው ብቻ ወደ ተጫነው ሥርዓት ይሄዳል። ስለዚህ በኮምፒውተሩ ላይ የቆየ እትም ተጭኖ ቢገኝ እንኳ፣ ከጆርናሉ ያወረዱት አዲሱ ክላስ ፎልደርዎ ውስጥ እስካለ ድረስ የሚሠራው እርሱ ይሆናል። የእትም መለያየት የዋዛ ነገር አይደለም። ለምሳሌ በአዲሱ የኤልስአርቲክል ናሙና ውስጥ የደራሲው ተቋም አፊሊዬሽን በሚል ትዕዛዝ ይገባል፤ ተቋሙ፣ ከተማው፣ ፖስታ ቁጥሩ፣ አገሩ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቦታ አላቸው። በቀድሞው እትም ይህ ትዕዛዝ አልነበረም፤ አድሬስ በሚል ትዕዛዝ በደፈናው ይጻፍ ነበር። አዲስ ናሙና በአሮጌ ክላስ ላይ ሲሄድ «ያልታወቀ ትዕዛዝ» የሚል ስህተት የሚመጣው ከዚህ የተነሳ ነው።

የነገሩ ሌላ ገጽታም አለ። ከዓመታት በፊት ከላኩት ጽሑፍ ላይ ፎልደሩን ገልብጠው አዲስ ጥናት ከጀመሩ፣ አሮጌው ክላስ አብሮ ይመጣና አዲሱን ይጋርደዋል። የትኛው እትም እየሠራ እንደሆነ ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። ኮምፓይል ባደረጉ ቁጥር፣ ማለትም ጽሑፉን በላቴክ ባስኬዱ ቁጥር፣ ቅጥያው ሎግ የሆነ ፋይል ይፈጠራል፤ በማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ ይክፈቱትና ከላይ አካባቢ «ዶኪዩመንት ክላስ» የሚል መስመር ይፈልጉ። የክላሱ ስም፣ ቀኑና የእትም ቁጥሩ እዚያ ተጽፎ ይገኛል፤ ከአጠገቡ ያለው አድራሻ በነጥብና በስላሽ ከጀመረ የተነሳው ከራስዎ ፎልደር ነው ማለት ነው።

የፎልደሩን ስም በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ዴስክቶፕ ላይ «የመንዝ በግ ጥናት የመጨረሻው» ብሎ በአማርኛ መሰየም ለዓይን ደስ ይላል፤ ነገር ግን በዊንዶውስ ላይ የኢትዮጵያ ፊደልም ሆነ በቃላት መካከል ያለ ክፍት ቦታ ከአንዳንድ የላቴክ መሣሪያዎች ጋር ያጋጫል፤ በተለይ የማጣቀሻ ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ቢብቴክ በፋይል ስም ውስጥ ክፍት ቦታ አይወድም። በላቲን ፊደል፣ አጭርና ያለ ክፍት ቦታ የተጻፈ ስም ይስጡት።

ክላሱን በቋሚነት መጫን የሚያስፈልገው፣ በአንድ ክላስ ደጋግመው የሚጽፉና በየፎልደሩ መገልበጥ የሰለቻቸው ሰዎች ሲሆኑ ነው። በቴክ ላይቭ ላይ ለእርሱ የተዘጋጀው ቦታ በተጠቃሚው የራሱ ፎልደር ሥር ቴክስኤምኤፍ የሚባለው የፎልደሮች ዛፍ ነው፤ ክላስ ፋይሉ ከሥሩ ቴክስ ከዚያም ላቴክ በሚሉት ፎልደሮች ውስጥ፣ ቢኤስቲው ደግሞ ቢብቴክ ከዚያም ቢኤስቲ በሚሉት ውስጥ ይገባል። በዚህ ቦታ ከተቀመጠ የፋይል ስሞቹን ዝርዝር ማደስ አያስፈልግም። በሚክቴክ ግን ፎልደሩን ሚክቴክ ኮንሶል በሚባለው ማስተዳደሪያ መስኮት በኩል አስመዝግቦ የፋይል ስሞቹን ማኅደር ማደስ ግድ ነው።

የባልደረባዎ ኮምፒውተር ላይ የታየው የጥያቄ ምልክት ስህተት አይደለም ለማለት ይቻላል፤ ያላለቀ ሥራ ምልክት ነው። ላቴክ በአንድ ጉዞ ሁሉን ነገር አይጨርስም። በመጀመሪያው ጉዞ የትኞቹ ጽሑፎች እንደተጠቀሱ መዝግቦ በአንድ ረዳት ፋይል ያስቀምጣል። ከዚያ ቢብቴክ ሲኬድ ያንን መዝገብ አንብቦ፣ ከማጣቀሻ ማኅደርዎ (ቅጥያው ቢብ ከሆነው ፋይል) የተጠቀሱትን ብቻ መርጦ፣ በቢኤስቲው ስልት መሠረት ዝርዝሩን ያዘጋጃል። ቀጥሎ ላቴክ ሁለት ጊዜ ሲኬድ፣ በመጀመሪያው ዝርዝሩን ያስገባል፣ በሁለተኛው በጽሑፉ መካከል ያሉትን ጥቅሶች ከዝርዝሩ ጋር ያገናኛል። በአጠቃላይ ላቴክ፣ ቢብቴክ፣ ላቴክ፣ ላቴክ ነው ቅደም ተከተሉ። ቴክስወርክስ በሚባለው የላቴክ ማረሚያ ላይ ከአረንጓዴው ቁልፍ አጠገብ ካለው ዝርዝር ቢብቴክን መርጠው አንድ ጊዜ ማስኬድ ይችላሉ፤ ላቴክኤምኬ የሚባለው ትዕዛዝ ደግሞ የሚያስፈልገውን ያህል ዙር ራሱ ቆጥሮ ያስኬዳል። ይህ ሁሉ ተደርጎ የጥያቄ ምልክቱ በአንዳንድ ቦታ ብቻ ከቀረ፣ በጽሑፉ ውስጥ የጠቀሱበት ቁልፍና በማኅደሩ ያለው ቁልፍ በአንድ ፊደል ተለያይተዋል፤ ቅጥያው ቢኤልጂ የሆነውን ፋይል ከፍተው ቢያነቡ የትኛው እንደጠፋ በስሙ ይነግርዎታል።

የማጣቀሻ ነገር ከተነሳ፣ በአገራችን ጸሐፊዎች ዘንድ ከሁሉ በላይ ስህተት የሚበዛበትን ጉዳይ ሳላነሳ ማለፍ አይገባኝም። ቢብቴክ ስምን የሚያነበው በፈረንጅ ልማድ ነው። በማኅደሩ ውስጥ ስሙ ያለ ኮማ ከተጻፈ የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስደውና የፊተኛውን በመጀመሪያ ፊደሉ ያሳጥረዋል። «አበበ ከበደ» ተብሎ የተጻፈ ደራሲ «ከበደ፣ አ.» ሆኖ ይወጣል። ይህ ዓለም አቀፍ ጆርናሎች የለመዱት ስለሆነ ብዙዎቻችን ተቀብለነዋል። ችግሩ የሚከፋው በሁለት ቃላት በሚጻፉ ስሞች ላይ ነው። የአባታቸው ስም «ገብረ ማርያም» ተብሎ ተለያይቶ የተጻፈ ተስፋዬ የሚባሉ ደራሲ ቢኖሩ፣ ቢብቴክ «ማርያም፣ ተ. ገ.» ብሎ ያወጣቸዋል፤ ሰውየው በዚህ ስም ሲፈለጉ አይገኙም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መጀመሪያ የአባት ስሙን ሙሉውን፣ ቀጥሎ ኮማ፣ ከዚያ የራሱን ስም ይጻፉ። ከኮማው በፊት ያለው ሁሉ አብሮ እንደ አንድ ስም ይያዛል። ጆርናሉ የኢትዮጵያውያንን ስም ሳይገለብጥ እንዲያወጣ ከፈቀደ ደግሞ፣ ሙሉ ስሙን በተጨማሪ ጥምዝ ቅንፍ ከከበቡት ቢብቴክ ሳይነካው ያልፋል። ከሁለቱ የትኛውንም ቢመርጡ፣ የራስዎን ስም ግን ቀደም ሲል ባሳተሟቸው ጽሑፎች ላይ በወጣበት መልክ ይያዙት፤ በየጽሑፉ እየተቀያየረ የሚወጣ ደራሲ በማኅደሮች ውስጥ እንደ ሁለት ሰው ይቆጠራል።

የመሥሪያ ቤት ስምም በዚሁ ወጥመድ ይወድቃል። ስለ ከብት ሀብት የሚጽፍ ሁሉ የቀድሞውን የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲን መጥቀሱ አይቀርም። ስሙ በእንግሊዝኛ ያለ ተጨማሪ ቅንፍ ከገባ፣ ቢብቴክ ሰው ይመስለውና በማጣቀሻ ዝርዝሩ ላይ «ኤጀንሲ፣ ሲ. ኤስ.» የሚባል ደራሲ ይወለዳል። በታተሙ ጽሑፎች ላይ ሳይቀር ይህን አይቻለሁ። የተቋም ስም ሁልጊዜ በሁለት ጥምዝ ቅንፍ ይታጠር።

ከጉግል ስኮላር ተገልብጦ የሚመጣውን መረጃም እንዳለ አይመኑት። ብዙዎቹ የቢኤስቲ ፋይሎች ከርእሱ የመጀመሪያ ፊደል በቀር ሌላውን ወደ ትንሽ ፊደል ስለሚለውጡ፣ ኢትዮጵያም መንዝም በእንግሊዝኛው ርእስ ውስጥ በትንሽ ፊደል ተጽፈው ይወጣሉ። እንዲህ ያሉትን ስሞች በማኅደሩ ውስጥ በጥምዝ ቅንፍ ማጠር ያስፈልጋል። ዓመተ ምሕረቱንም ይመልከቱ። የዞን ግብርና መምሪያ በ2015 ዓ.ም. ያወጣውን ሪፖርት 2015 ብለው ካስገቡ፣ የውጭ አንባቢ መረጃው ሰባትና ስምንት ዓመት ያረጀ ይመስለዋል፤ በስምና በዓመት በሚደረደር ዝርዝር ላይም የተሳሳተ ቦታ ይይዛል። ሪፖርቱ የወጣው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ባለው ጊዜ ከሆነ 2022፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ 2023 ይሆናል። ዘመኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን በማስታወሻ መስኩ ላይ መጥቀስ ይቻላል።

ወደ ጽሑፉ አካል ስንገባ፣ ከቴምፕሌቱ ጋር ሰላም ለመኖር መታወቅ ያለበት ዋና ነገር አለ። እርስዎ የሚያወጡት ፒዲኤፍ የመጨረሻው ገጽ አይደለም። ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ አሳታሚው እንደገና በራሱ መሣሪያ ያቀናብረዋል፤ የዓምዱ ስፋት፣ የፊደሉ ዓይነት፣ የሠንጠረዡ መስመር ሁሉ ያኔ ይለወጣል። ልብስ ሰፊ ዘንድ የሚወሰደው ጨርቁ እንጂ የተሰፋ ልብስ አይደለም፤ ከእርስዎም የሚጠበቀው ርእሱ ርእስ መሆኑን፣ ደራሲው ደራሲ መሆኑን፣ ሠንጠረዡ ሠንጠረዥ መሆኑን በትክክለኛው ትዕዛዝ ማመልከት ነው። ኅዳጉን የሚያጠብ፣ የፊደሉን መጠን የሚቀይር፣ በአንቀጾች መካከል በእጅ ክፍተት የሚጨምር ትዕዛዝ ሁሉ በአሳታሚው በኩል ተለቅሞ የሚጣል ነው፤ ሲለቀም ደግሞ አብሮ የሚበላሽ ነገር አይጠፋም። የገጹ ግርጌ ላይ «ለኤልሴቪር የቀረበ ቅድመ ኅትመት» የሚል መስመር ስለታየም አይደንግጡ፤ ጆርናል በሚለው ትዕዛዝ ውስጥ የጆርናሉን ስም ሲያስገቡ በዚያ ይተካል።

ጆርናሉ ሰፊ የመስመር ክፍተትና የመስመር ቁጥር ከጠየቀዎት፣ ሁለቱም በቴምፕሌቱ የታሰበባቸው ናቸው። በፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ላይ ዶኪዩመንትክላስ ከሚለው ትዕዛዝ ቀጥሎ ባለው ማዕዘናዊ ቅንፍ ውስጥ «ፕሪፕሪንት» የሚለውን በ«ሪቪው» ሲተኩት የመስመሩ ክፍተት ለገምጋሚ በሚመች መልክ ይሰፋል። ለመስመር ቁጥሩ ላይንኖ የሚባለው ጥቅል በናሙናው ውስጥ በፐርሰንት ምልክት ተዘግቶ ተቀምጧል፤ ምልክቱን አንስተው ላይንነምበርስ የሚለውን ትዕዛዝ ማስገባት ብቻ ነው። ርእስ፣ ደራሲዎች፣ አብስትራክትና ቁልፍ ቃላት ሁሉም ፍሮንትማተር በሚባለው ክልል ውስጥ መግባት አለባቸው። ከዚያ ክልል ውጭ የተጻፈ አብስትራክት ያለ ቦታው ስለሚወድቅ ብዙ ሰው ክላሱን ተጠራጥሮ ማስተካከል ይጀምራል። ቁልፍ ቃላቱንም በኮማ ሳይሆን ሴፕ በሚለው ትዕዛዝ ይለያዩዋቸው።

የፐርሰንት ምልክትን ካነሳሁ አይቀር፣ በዳታ የተሞላ ጽሑፍ ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የከፋ ጠላት የለም። ላቴክ ይህን ምልክት ባየ ጊዜ ከእርሱ በኋላ በዚያው መስመር ያለውን ሁሉ ማስታወሻ አድርጎ ይተወዋል። «ከአርቢዎቹ 62% የሚሆኑት የገብስ ገለባ ይመግባሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢጽፉ በፒዲኤፉ ላይ 62 ላይ ቆሞ ያገኙታል። የሚመጣ የስህተት መልእክት የለም፤ ጽሑፉ ዝም ብሎ ይጎድላል። ከእያንዳንዱ የፐርሰንት ምልክት በፊት ባክስላሽ ማስገባት አይርሱ። ከዎርድ ገልብጠው ካመጡ በኋላ በማረሚያው የመፈለጊያ ሳጥን ምልክቱን አንድ በአንድ እየፈለጉ ማለፍ ይገባል። በድርጅትና በጆርናል ስም ውስጥ «እና» ተብሎ የሚነበበው ምልክትም ባክስላሽ ይፈልጋል፤ እርሱ ግን ቢያንስ ጮሆ ይናገራል።

የአካባቢ ስያሜዎችን በራሳቸው ፊደል ማስገባት ለሚፈልጉ፣ ለምሳሌ የመኖ ዛፎችን የአማርኛ ስም በሠንጠረዥ ውስጥ ለማሳየት፣ የኤልሴቪር ናሙና በሚሄድበት ፒዲኤፍላቴክ በተባለው የላቴክ ማስኬጃ የኢትዮጵያን ፊደል በቀጥታ መጻፍ አይቻልም። ዚላቴክ ወይም ሉዋላቴክ የሚባለው ሌላ ማስኬጃ አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን በመሳሰለ ፎንት በሚገባ ያወጣዋል፤ ነገር ግን ጽሑፉን የሚቀበለው የጆርናሉ ሥርዓት በፒዲኤፍላቴክ ካስኬደው ፊደሎቹ ይጠፋሉ። ቃላቱ ጥቂት ከሆኑ በዚላቴክ ለብቻቸው ጠባብ ፒዲኤፍ አድርጎ አውጥቶ እንደ ሥዕል ማስገባት የማያስቸግር መንገድ ነው። ብዙ ከሆኑ ግን በላቲን ፊደል ጽፎ ዝርዝሩን በተጨማሪ ሰነድነት ማያያዝ ይሻላል።

ስለ ሠንጠረዥና ሥዕል ብዙ አልልም። ቋሚ መስመር አያስምሩ፤ ቡክታብስ የሚባለው ጥቅል የሚሰጣቸው ሦስት አግድም መስመሮች ለአብዛኛው ሠንጠረዥ ይበቃሉ። ግራፎችን በፒዲኤፍ ያውጧቸው፤ ከስክሪን ላይ የተነሳ ምስል ሲጎላ ይደበዝዛል። ሥዕሉ ከጽሑፉ ወደ ቀጣዩ ገጽ ቢሸሽ አስገድደው አይመልሱት፤ የመጨረሻውን ቦታ የሚወስነው አሳታሚው ነው።

ሳልጠየቅ አንድ አስተያየት ልጨምር። ጥናትዎ ቀመር የማይበዛበት ከሆነና አብረውዎት የጻፉት ሁሉ፣ አማካሪዎችዎን ጨምሮ፣ እርማታቸውን በዎርድ ላይ የሚሰጡ ከሆነ፣ ላቴክ ግዴታ አይደለም። ኤልሴቪር ዎርድም ይቀበላል፤ በመጀመሪያው ማቅረቢያ ላይ በቅርጽ የማይጨነቁ ጆርናሎችም አሉት። በሁለቱ መካከል እየተመላለሱ እርማት መገልበጥ ጊዜም ይበላል፣ ስህተትም ይፈጥራል። በላቴክ ለመሥራት ከወሰኑ፣ ጽሑፉ በሁሉም ዘንድ ስምምነት ከደረሰ በኋላ አንድ ጊዜ ወደ ቴምፕሌቱ ቢያሸጋግሩት እመርጣለሁ። ኦቨርሊፍን በጋራ መጠቀምም ይቻላል፤ የኤልስአርቲክል ናሙና እዚያ ተዘጋጅቶ ስለሚገኝ የክላስ ፋይል ጣጣ የለበትም። ነገር ግን በድረ ገጽ ላይ የሚሠራ በመሆኑ፣ መስመር በጠፋ ጊዜ ሥራው ይቆማል፤ በየቀኑ ማብቂያ ሙሉውን ፕሮጀክት በዚፕ ማውረድ ልማድ ይሁንዎት።

ለመላክ ሲዘጋጁ፣ ኤዲቶሪያል ማኔጀር የተባለው የማቅረቢያ ሥርዓት በፎልደር ውስጥ ያለ ፎልደርን እንደማያውቅ ልብ ይበሉ። ሥዕሎችዎን ለብቻቸው በንዑስ ፎልደር አስቀምጠው ከሆነ፣ በእርስዎ ላፕቶፕ ላይ የሠራው ጽሑፍ እዚያ ሥዕል አልተገኘም ብሎ ይቆማል። ሁሉንም ፋይሎች ያለ ንዑስ ፎልደር በአንድ ፎልደር ያስቀምጧቸውና በጽሑፉ ውስጥ ያሉትን የሥዕል አድራሻዎች ያስተካክሉ። ከዚያ አዲስ ባዶ ፎልደር ከፍተው የቴክስ ፋይሉን፣ ክላሱን፣ ቢኤስቲውን፣ የማጣቀሻ ማኅደሩንና ሥዕሎቹን ብቻ ገልብጠው እዚያ ከመጀመሪያ ጀምሮ ኮምፓይል ያድርጉ። በዚያ ባዶ ፎልደር ውስጥ ከሠራ በጆርናሉም ዘንድ የመሥራት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ካልሠራ የጎደለውን ፋይል በስሙ ጠርቶ ይነግርዎታል። ሥርዓቱ ራሱ የሚያወጣውን ፒዲኤፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ገጽ ሳያዩ የማጽደቂያውን ቁልፍ አይጫኑ።

ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ በአሳታሚው የተቀናበረው የማረሚያ ቅጂ ይላክልዎታል፤ ብዙውን ጊዜ በሁለት ቀን ውስጥ መልስ ይጠበቃል። ቅርጹ ከላኩት ጋር ስለማይመሳሰል እርሱን ትተው ወደ ደራሲዎቹ ስም ቅደም ተከተል፣ ወደ ተቋሙ አጻጻፍ፣ ወደ ሠንጠረዡ አኃዞችና ወደ ማጣቀሻዎቹ ይሂዱ። በድጋሚ ቅንብሩ ወቅት ነጥብና ዜሮ የሚጠፉት በሠንጠረዥ ውስጥ ስለሆነ፣ እያንዳንዱን አኃዝ ከመጀመሪያው የዳታ ወረቀት ጋር አንድ ሰው እያነበበ ሌላው እየተከታተለ ቢያመሳክሩት ይመረጣል።